ዜናውን ማን ቆጠረው፣ ገጹን ማን ገዛው

(ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። "ህንድ ተምረህ የለ፣ ስለ ህንድ ጋዜጦች ታማኝነት ንገረን" ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጋዜጣ አይደለም። ሚዛን ነው። ሽንኩርት የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን።

የተማርኩት ቪዛግ ነው። ካርታ ላይ ስሟ ቪሳካፓትናም ይባላል፤ በህንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ባሕር ጥግ ያለች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በሐበሻ ተማሪ የታወቀ ነው። በተከራየሁበት ሰፈር በወሩ መጨረሻ አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ ይመጣል። የእነሱ ቆራሌ በሉት። የቤት እመቤቶች የወሩን ጋዜጣ በገመድ አስረው ያወጡለታል፣ እሱ ይመዝናል፣ በኪሎ ይከፍላል። አከራዬ አንድ ቀን ብሩን ቆጥረው ሲያበቁ ሳቁና "ወሩን ሙሉ ያነበብኩት በነፃ ሊሆን ምንም አልቀረው" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳሰላው ብዙም አላጋነኑም።

የዛሬው ጨዋታዬ ከዚያ ሚዛን ነው የሚነሳው። የህንድ ጋዜጣ እጅግ ርካሽ ነው። አንባቢው የሚከፍለው ሳንቲም ለወረቀቱና ለቀለሙ እንኳ አይበቃም። ታዲያ ቀሪውን ማን ይሞላዋል? ማስታወቂያ ነዋ። በ1990ዎቹ ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ዋጋውን ሆን ብሎ ቀነሰ፤ ሌሎቹም እየጠሉ ተከተሉት። (ዓመተ ምሕረት፣ ወርና ቀን ስጠራ ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው።) ከጋዜጣው ባለቤቶች አንዱ ከዓመታት በኋላ ለአንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ በግልጽ ተናግሮታል፤ እኛ ያለነው በጋዜጣ ሥራ ላይ ሳይሆን በማስታወቂያ ሥራ ላይ ነው አለ። ሰውየውን ብዙ ሰው ኮንኖታል። እኔ ግን ቢያንስ አልዋሸም እላለሁ።

ስለ ህንድ ጋዜጠኝነት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ጥያቄ "የቱ ጋዜጣ ጥሩ ነው፣ የቱ መጥፎ?" የሚል ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ አላምንም። ያው ጋዜጣ አንድ ዘመን ሰው የሚያጫርስ ውሸት ያትማል፣ ሌላ ዘመን ደግሞ መንግሥት የደበቀውን እውነት ቆጥሮ ያወጣል። እንዲህ ያደረገ አንድ ጋዜጣ አለ። ስሙን እጠራላችኋለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ወደ ሻይ ቤት እንሂድ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ በአካባቢው ቋንቋ፣ በቴሉጉ፣ የሚታተሙ ሁለት ጋዜጦች ይቀመጡ ነበር፤ ኢናዱና ሳክሺ። ኢናዱ በ1974 የተመሠረተው እዚያው ቪዛግ ነው። መሥራቹ ራሞጂ ራኦ ይባላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፊልም ተዋናዩ ኤን ቲ ራማ ራኦ ፓርቲ አቋቁሞ የግዛቱን ሥልጣን ሲይዝ ጋዜጣው ከጎኑ ተሰልፎ ነበር። ሳክሺ በ2008 የመጣው ከተቀናቃኙ ወገን ነው። ያቋቋመው ጃጋን ሞሃን ሬዲ ራሱ ፖለቲከኛ ነው፤ ከ2019 እስከ 2024 የዚያው ግዛት፣ የአንድራ ፕራዴሽ፣ ዋና ሚኒስትር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ጋዜጦች የማን ወገን እንደሆኑ ሻይ ቀጂው ልጅ እንኳ ያውቃል። ማንም አይደብቀውም።

እኔ ቴሉጉ አላነብም። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው በእንግሊዝኛ የሚነግረኝ። አንድ ስብሰባ ሲኖር በአንደኛው ሕዝቡ ጎርፍ ነው፤ በሌላኛው ወንበሩ ባዶ ነው። "እና እውነቱ የቱ ነው?" ስለው "መሃሉን ውሰድ" ይለኛል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ብልህ ሰው የሚመክረው ይህንን ነው። እዚህም ስትሉት ሰምቻለሁ፤ "ከዚህም ከዚያም ሰምተህ አማካዩን ያዝ" ይባላል።

አማካዩ ግን እውነት አይደለም። አንዱ መቶ ሺህ ሰው ወጣ ቢል፣ ሌላው አምስት ሺህ ቢል፣ መሃሉ ሃምሳ ምናምን ሺህ ነው። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ከሁለት ግምት። ሜዳው ላይ ማንም አልቆጠረም። ሚዛናዊነት የምትሉት ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የሁለት ያልተጣራ ወሬ ድምር ለሁለት ሲካፈል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ በ2003 ሚዲያኔት የሚባል ነገር ጀመረ። የከተማ ወሬና የፊልም ሰዎች በሚወጡበት ተጨማሪ ቅጽ ላይ ከፍሎ መውጣት ተቻለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ዘዴ መጣ። ኩባንያው ለማስታወቂያ ገንዘብ ከሌለው አክሲዮን ይሰጣል፤ ጋዜጣው በምትኩ ቦታ ይሰጠዋል። አስቡት፤ ነገ ያ ኩባንያ ሲጭበረበር ቢገኝ ዜናውን የሚጽፈው ባለ አክሲዮኑ ጋዜጣ ነው። በ2010 የአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው ድርሻ ለአንባቢ ይገለጽ እስከ ማለት ደርሷል።

ይህ ግን ገና የቅንጦቱ ነው። ነገሩ ወደ ምርጫ ሲገባ ጉድ ፈላ። ህንዶች "የሚከፈልበት ዜና" ይሉታል። ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ችግር የለም፤ አንባቢው ያውቃል፣ ዙሪያው መስመር አለው። ይህኛው ግን በዘጋቢ ስም፣ በዜና ፊደል፣ በዜና ቦታ ይወጣል። ዕጩዎች እንደ ሠርግ ድግስ በጥቅል ይዋዋላሉ። የሕይወት ታሪክህ፣ ቃለ ምልልስህ፣ የስብሰባህ ዘገባ፣ ሁሉም ዋጋ አለው። ተቀናቃኝህን ማጣጣልም ለብቻው ዋጋ አለው። ካልከፈልክስ? አትሰደብም። በቃ የለህም። ምርጫው አልቆ ስምህ ጋዜጣ ላይ አይታይም።

በጥቅምት 2009 ማሃራሽትራ ግዛት ምርጫ ነበር። ፒ. ሳይናት የሚባል፣ ለዘ ሂንዱ ጋዜጣ ስለ ገጠር ድህነት በመጻፍ የታወቀ ጋዜጠኛ፣ የማራቲ ቋንቋ ጋዜጦችን ሰብስቦ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ምን አገኘ? የግዛቱን ዋና ሚኒስትር አሾክ ቻቫንን የሚያወድስ አንድ ጽሑፍ በሦስት ተፎካካሪ ጋዜጦች ላይ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሆኖ ወጥቷል። ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። አንደኛው ጋዜጣ የራሱ ልዩ ዘጋቢ እንደጻፈው አድርጎ ነው ያወጣው። ከዚህ ሌላ በደርዘን የሚቆጠሩ ሙሉ ገጽ ውዳሴዎች ነበሩ። ሳይናት ቀጥሎ ዕጩው ለምርጫ ኮሚሽን ያስገባውን የወጪ ሒሳብ አየ። ለጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጣው 5,379 ሩፒ ነው ይላል። በዚያ ገንዘብ አንድ ጥግ እንኳ አይገዛም።

ቻቫን አልከፈልኩም ብሏል። የምርጫ ኮሚሽኑ በ2014 ሒሳቡን በትክክል አላቀረበም ብሎ ወሰነ፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ውሳኔውን በዚያው ዓመት ሻረው። ይህን ሳልነግራችሁ ብወርድ ኖሮ እኔም የምወቅሰውን ነገር አድርጌ ልሄድ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳይናት ምሥጢራዊ ምንጭ አልነበረውም። ጨለማ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ የለውም። የያዘው መንገድ ላይ የሚሸጥ ጋዜጣና ማንም ጠይቆ ሊያየው የሚችል ሰነድ ነው።

የፕሬስ ካውንስሉ ምን አደረገ? ይህ ምክር ቤት በ1966 የተቋቋመ፣ ብዙውን ጊዜ በጡረታ በወጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚመራ አካል ነው። ማስጠንቀቅ ይችላል፣ መገሠጽ ይችላል፣ መውቀስ ይችላል። መቅጣት አይችልም። ጥርስ የሌለው አንበሳ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ አንበሳነቱንም እንጃ። ለማንኛውም ሁለት ሰዎች አጣርተው ስም እየጠሩ፣ ጋዜጣ እየጠቀሱ ከ70 ገጽ በላይ ሪፖርት ጻፉ። ከሁለቱ አንዱ ፓራንጆይ ጉሃ ታኩርታ ነው። ምክር ቤቱ በሐምሌ 2010 ተሰብስቦ ያንን ሪፖርት ደረቱ ላይ ደበቀና 13 ገጽ አሳጥሮ አወጣ። ስም የለም። ጋዜጣ የለም። "አንዳንድ" የሚለው ቃል ብቻ ቀረ። ሙሉው በይፋ የወጣው የመረጃ ነፃነት ኮሚሽኑ አስገድዶ፣ በ2011 ነው። ስለ ተሸጠ ዜና የተጻፈው ዘገባ ራሱ ተቆርጦ መውጣቱ ያስቃልም ያሳዝናልም።

ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። በጥቅምት 2011 የምርጫ ኮሚሽኑ የኡታር ፕራዴሽ ምክር ቤት አባል የነበረችውን ኡምሌሽ ያዳቭን ለሦስት ዓመት ከምርጫ አገደ። በ2007 ምርጫ ጊዜ የወጣላትን የሚከፈልበት ዜና በወጪዋ አላስመዘገበችም ተብላ ነው። በዚህ ምክንያት ወንበሯን ያጣች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ገንዘቡን የተቀበሉትስ? እነሱ በማግሥቱም ታትመው ወጡ።

ስለ መንግሥት ጫና ብዙ አልቆይም፤ ታውቁታላችሁ። ሰኔ 25 ቀን 1975 ሌሊት ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ዴልሂ ውስጥ ማተሚያ ቤቶች የተሰበሰቡበት ጎዳና መብራት ጠፋ። ቀላል ሳንሱር ነው፤ ሶኬት መንቀል። ከቀናት በኋላ ኢንዲያን ኤክስፕረስ ርዕሰ አንቀጹን ባዶ ነጭ አድርጎ አወጣው። ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ላይ ደግሞ አንድ አንባቢ "ዲሞክራሲ" የሚለውን ስም በሰው ስም አስመስሎ የሞት ማስታወቂያ አስገባ፤ ሳንሱሩ ሳያየው አለፈ። እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። የብዙዎቹን ነገር በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስትር የሆነው አድቫኒ ለጋዜጠኞቹ ነግሯቸዋል፤ ጎንበስ በሉ ብትባሉ በደረታችሁ ተሳባችሁ አላቸው። አሁን ሶኬት መንቀል አያስፈልግም። ትልቁ አስተዋዋቂ መንግሥት ነው፤ ማስታወቂያውን ይዞ ዝም ማለት ይበቃዋል። በመጋቢት 2019 የካሽሚር ጋዜጦች የፊት ገጻቸውን ባዶ ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ለሁለት ጋዜጦች ማስታወቂያ ተከልክሎ ነበር።

አሁን ወደ ወገንተኝነት። ስለ ወገንተኝነት ስናወራ የምናስበው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈውስ?

በ1996 አንድ የውጭ አገር ዘጋቢ ዴልሂ ላይ ቢ. ኤን. ኡኒያልን አንድ ነገር ጠየቀው። ኡኒያል በዘ ፓዮኒር ጋዜጣ የሚጽፍ ጎምቱ ጋዜጠኛ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ የዳሊት ጋዜጠኛ አስተያየት እፈልጋለሁ፣ አገናኘኝ አለው። ዳሊት ማለት ሰውን በትውልዱ ደረጃ በሚያወጣው በካስት ሥርዓት ከሁሉም በታች የተደረጉት፣ "አይነኬ" ሲባሉ የኖሩት ናቸው። ኡኒያል ቢያስብ ቢያስብ አንድም ሰው አልመጣለትም። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ዳሊት ጋዜጠኛ እንዳላጋጠመው ያን ቀን ገባው። ይህ ራሱ አስደነገጠው። ደግ ሰው ስለሆነ ዝም አላለም፤ የመንግሥትን የጋዜጠኞች መዝገብ አወጣ። 686 ስም ነበረው። 454ቱ የአባት ስማቸው ከፍ ካለ ካስት መሆናቸውን ያሳብቃል። ከቀሪዎቹ ውስጥ በዘፈቀደ 47 ሰው አጣራ። አንድም ዳሊት የለም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ዮጌንድራ ያዳቭና ሁለት ባልደረቦቹ በ37 የዴልሂ መገናኛ ብዙኃን ውስጥ 315 ከፍተኛ ውሳኔ ሰጪዎችን ቆጠሩ። ጋዜጣም ቴሌቪዥንም ነው። አሁንም ከዳሊትም ሆነ አዲቫሲ ከሚባሉት ነባር ጎሳዎች አንድም ሰው የለም። ሴቶቹ 17 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ማንም "ስለ ዳሊት አትጻፉ" ብሎ መመሪያ አልሰጠም። ክፍሉ ውስጥ ጠያቂ ስለሌለ ጥያቄው አይነሳም። ገጠር ውስጥ አንድ ዳሊት ከተከለከለበት ጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ቢደበደብ ለዜና ክፍሉ የማያውቀው ሰፈር ሰው ነው። በ2002 ቺትራኩት በሚባል ድሃ አውራጃ በአብዛኛው የዳሊት ሴቶች የሚያዘጋጁት ካባር ላሃሪያ የሚባል ጋዜጣ በአካባቢው ቋንቋ ሲጀመር የጻፈው ስለ ምን ነበር? ስለ ተበላሸ የውኃ ቧንቧ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጠፋ ራሽን። ለሴቶቹ ይህ ዜና ነው።

ወደ ትክክለኛነት ልምጣ። ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ መሃል ህንዳዊ መምህር ያስተማረው ሰው አይጠፋም። በንጉሡ ዘመን ከመጡት ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ኬረላ ፊደል የቆጠረ ሰው በብዛት ያለበት፣ ጋዜጣ እንደ ቁርስ የሚበላበት ግዛት ነው። ሰው ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይከራከራል። እንዲህ ያለ አንባቢ ያለበት አገር ጋዜጣው አይሳሳትም ትላላችሁ። ስሙኝ።

በህዳር 1994 የኬረላ ፖሊስ ናምቢ ናራያናን የሚባል የጠፈር ድርጅቱን ሳይንቲስት አሰረ። ክሱ ስለላ ነው። ሁለት የማልዲቭ ሴቶች አሉበት፣ የሮኬት ምሥጢር አለበት፣ ገንዘብ አለበት። በኬረላ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ የሚታተሙት ጋዜጦች አበዱ። በየቀኑ አዲስ ምዕራፍ እንደ ተከታታይ ልቦለድ ይወጣል። ማን ከማን ጋር ሆቴል ገባ፣ ስንት ዶላር ተቀበለ፣ ሁሉ ነገር። ምንጩ? "ለምርመራው ቅርበት ያላቸው ሰዎች"። ፖሊስ ማለት ነው። ሰውየው 50 ቀን ታሰረ። ልጆቹ ከሃዲ ተብለው ተሰደቡ።

አሁን አንድ ጥያቄ። ተሸጠ የተባለው ምሥጢር በዋነኛነት የክራዮጂኒክ ሞተር ነው፤ እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የሮኬት ሞተር። ህንድ በዚያን ጊዜ የራሷ ክራዮጂኒክ ሞተር ነበራት ወይ? አልነበራትም። ከሩሲያ ልትወስድ የነበረውን ቴክኖሎጂ እንኳ በ1993 በአሜሪካ ግፊት ተከልክላለች። የራሷን ሠርታ በተሳካ ሁኔታ ያመጠቀችው በጥር 2014 ነው። ከተባለው ሽያጭ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ! የሌላትን ነገር ማን ሰርቆ ይሸጣል? ይህን ለመጠየቅ ሮኬት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ ለአንድ ሮኬት ሳይንቲስት ስልክ መደወል ነው።

በ1996 የህንድ ማዕከላዊ የምርመራ ቢሮ ክሱ መሠረት የለውም አለ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለናምቢ ናራያናን 5 ሚሊዮን ሩፒ ካሳ ወሰነ። ያኔ ዕድሜው 76 ነው። ታዲያ እኔን የሚያሳስበኝ ጋዜጦቹ መዋሸታቸው አይደለም። አልዋሹም እኮ! ፖሊስ ያለውን በትክክል ነው የጻፉት። "ፖሊስ እንዲህ አለ" የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። ዘጋቢው ይህን ይዞ እንቅልፉን ተኝቷል። ፈተና ላይ ይህ ሰው ያልፋል፤ ምንጭ ጠቅሷል፣ አልፈጠረም። ያላደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምንጩን አልጠየቀም።

ዘ ሂንዱ በ2006 የአንባቢያን አዘጋጅ የሚባል ሰው ቀጥሮ የስህተት ማረሚያ አምድ ጀመረ፤ ለህንድ አዲስ ነገር ነበር። አነበው ነበር። ብዙው የስም ፊደል፣ የቀን፣ የክሪኬት ውጤት ነው። አንዳንዴ ያስቃል። ግን በአንድ ነገር እንዳትታለሉ። የስም ፊደል የሚያርም ጋዜጣ ሁሉ ታሪክ ያርማል ማለት አይደለም። "ትናንት የከንቲባው ስም በስህተት" ይታረማል። "ለሁለት ወር ሰላይ ያልነው ሰው ሰላይ አልነበረም" የሚለው እርማት በየትኛው አምድ ይገባል? ስፋቱስ ስንት ይሆናል?

አሁን ቃል የገባሁላችሁ ጋዜጣ። ሳንዴሽ ይባላል፤ የጉጃራት ግዛት ትልቅ የጉጃራቲ ዕለታዊ።

በህንድ የቆየ ልማድ አለ። በሃይማኖት ግጭት ጊዜ ጋዜጦች የተጋጩትን በስም አይጠሩም። "የአንድ ማኅበረሰብ አባላት በሌላ ማኅበረሰብ ላይ" ይላሉ። በቀል እንዳይቀጣጠል ነው። አንባቢው ግን የሰፈሩን ስም አይቶ ወዲያው ይገምታል። ልማዱ ደግ ነው ወይስ ማስመሰል? እዚህ አገር "ማንነታቸው ያልታወቁ" ስንል የሚገጥመን ዓይነት ጭንቀት ነው። እኔ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አለመጥራቱን እደግፋለሁ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ማን እንደሞተ አለመናገር ሟቹን ደግሞ መቅበር ነው።

በየካቲት 2002 መጨረሻ ጎድራ ላይ ባቡር ተቃጥሎ 59 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ የሂንዱ ተጓዦች ነበሩ። ከዚያ በጉጃራት ከሺህ በላይ ሰው ያለቀበት ግጭት ተነሳ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በዚያ ሰሞን ሳንዴሽ ያንን ልማድ ወዲያ ጣለው። ከባቡሩ ተጠልፈው ተሰቃዩ የተባሉ የሁለት ሴቶች አስከሬን ተገኘ ብሎ ጻፈ። ፖሊስ ሲያጣራ ውሸት ሆኖ ተገኘ። የአዘጋጆች ማኅበር አጣሪዎች ወደ ጉጃራት ሄደው ይህን ጋዜጣ በስም ጠርተው ነቅፈዋል። እንደዚህ ዓይነቱ ወሬ በእንደዚያ ሳምንት ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ዝጉት፣ ጣሉት፣ ከዚህ ጋዜጣ ደግ ነገር አይወጣም ትላላችሁ። እኔም እል ነበር።

ሚያዝያ 2021። ኮሮና ጉጃራትን እየፈጀ ነው። ጋንዲናጋር ከተማ የሳንዴሽ የአካባቢ እትም አዘጋጅ ሚስት ልጃቸውን ለምርመራ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዘው ሄዱ። ተራ ሲጠብቁ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት አስከሬኖች አዩ። ሠራተኞቹ ኮሮና ነው አሉ። ማታ ለባላቸው ነገሩ። ባልየው የመንግሥትን መግለጫ ቢያይ ከተማዋ ውስጥ በኮሮና የሞተ ሰው የለም።

ጋዜጣው ዘጋቢዎቹን ላከ። የአቋም ጽሑፍ አልጻፈም። ሚኒስትሩን ቃለ ምልልስ አላደረገም። አህመዳባድ ውስጥ 1,200 አልጋ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል አለ፤ የሬሳ ክፍሉ መውጫ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች እዚያ በር ላይ 17 ሰዓት ቆሙ። 69 አስከሬን ሲወጣ ቆጠሩ። በማግሥቱ የመንግሥት መግለጫ ለመላው ጉጃራት 55፣ ለአህመዳባድ 20 አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሌሊቱን በከተማዋ ዙሪያ ወደ 150 ኪሎ ሜትር በመኪና ዞረው 21 የአስከሬን ማቃጠያ ቦታዎችን አዩ። ከ200 በላይ አስከሬን ቆጠሩ። ይፋው ቁጥር 25 ነበር።

ያው ጋዜጣ ነው። 19 ዓመት ነው ያለፈው። ሰዎቹ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ያው ነው። በ2002 አንድ ሰው ሄዶ አስከሬኖቹ አሉ ወይ ብሎ ቢያይ ኖሮ ያ ዜና አይወጣም ነበር። በ2021 ሄደው አዩ። ልዩነቱን ከዚህ በላይ ማራቀቅ አልችልም።

ተፎካካሪው ዲቪያ ባስካርም ሌላ መንገድ አገኘ። የሞት ምስክር ወረቀት። ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 10 ባሉት 71 ቀናት ጉጃራት ወደ 123,000 የሞት ምስክር ወረቀት ሰጥታለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ወቅት 58,000 ገደማ ነበር። በእነዚያ ቀናት በኮሮና ሞቱ ተብለው በይፋ የተመዘገቡት ግን 4,218 ብቻ ናቸው። መንግሥት ዘገባውን አልተቀበለም። ወረቀቶቹን የሰጠው ግን ራሱ ነው። በዚያ ሐምሌ የዲቪያ ባስካር እናት ኩባንያ ቢሮዎች በግብር መርማሪዎች ተፈተሹ። ባለሥልጣናቱ ጉዳዩ ግብር ነው አሉ፤ ጋዜጣው ዘገባችን ነው አለ።

አንድ ነገር ልጨምርና ማይኩን ልመልስ። መግቢያዬ ላይ ማስታወቂያን ወቅሻለሁ፤ ገጽ መሸጥ ዜናን እንደሚያበላሽ። በእነዚያ ሳምንታት የጉጃራት ጋዜጦች የሐዘን ማስታወቂያ ገጾች በብዙ እጥፍ ጨመሩ። ቤተሰቡ ከፍሎ የሚያስወጣው ነው። ትንሽ ፎቶ፣ ስም፣ ያረፈበት ቀን። እዚያ ለቅሶ የሚደረስበትን ቀን "ቤስኑ" ይሉታል። በዚያ ሰሞን ግን "ቤት እንዳትመጡ፣ ቤስኑው በስልክ ነው" ብለው ቁጥርና ሰዓት ያስቀምጣሉ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ደውላችሁ አጽናኑን። ፎቶዎቹ ገጽ ሞልተው ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራሉ። የመንግሥት ቁጥርና እነዚያ ፎቶዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ታትመው ይወጡ ነበር።